«ሞግዚት አይደለሁም» ያልኩ ቀን

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? የሰው አገር ሥራሽስ፣ ያ የወገብ ሕመምሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ንዴት ሆዴን ሞልቶታል፤ ደህና አይደለሁም እንዳልል በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ተላቅሰን ነገሩ ሳይነገር እንዳይቀር ብዬ ነው። ደግሞም ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል ይባላል። ይህን ተረት ዘንድሮ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው። ልጃችን ድምቡሼ አልታመመችም፣ ማንም እጁን አላነሳባትም። ቤት ግን የለችም። የወጣቶች ማቆያ ከሚሉት ቤት ከገባች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ማቆያ ይሉታል፣ ሻንጣ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖርት ሊሠሩ ሲወጡ አንዲት የክፍሏ ልጅ ስልኳን ያዢልኝ ብላ ትሰጣታለች። የኛዋም ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ክፍል ሲመለሱ ስልኩ ጮኸ። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መምጣት ክልክል ነውና ባለቤቷ ፈርታ፣ እኔ አላመጣሁትም፣ ትናንት ቤታችን መጥታ ሰርቃኝ ነው አለች። ሌላ ምስክር የለም። ርእሰ መምህሩም ሁለቱን ልጆች ቁጭ አድርጎ እንደ መጠየቅ ፖሊስ ጠራ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው የሁለት ሕፃናትን ክርክር መዳኘት አቅቶት!

እኔ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት እየሮጥኩ ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ ቀይ እስክሪብቶዬ እንኳ ከጆሮዬ ላይ አልወረደም። መርማሪው ቀና ሳይል ሞግዚቷ ነሽ ወይ አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ኩፍኟንም ጥርሷንም ያስታመምኩ፣ ለደመወዝ ልጅ የምጠብቅ መሰልኩት?

«ሞግዚት አይደለሁም» አልኩት፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

እናቷስ ነሽ ሲለኝ አክስቷ ነኝ አልኩ። አንድ ነገር ጻፈና ውጪ ጠብቂ ብሎ በሩን ዘጋው። እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ልክ አስገባሁት ብዬ ስኮራ ነበር። ልጅሽ ግን ብቻዋን ገባች።

ውስጥ ምን እንደተባለ ኋላ ከራሷ ሰማሁ። ቃልሽን ስጪ አላት። ቃል መስጠት ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምንድን ነው? ለትልቅ ሰው ቃል መግባት ነዋ! የሆነውን ተናገሪ ማለቱ መሆኑን ማን ይንገራት? እሷም እጇን አጣምራ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም አለችው። አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ጎረቤት ብርጭቆ ቢሰብር እንኳ አይለመደኝም የምትል ልጅ ናት። ያስለመድኳትም እኔ ነኝ፤ ቁጣ ሲመጣ ይህን በይ፣ ይበርድልሻል ብዬ። ጽፎ ጨርሶ ይህን ታምኛለሽ ሲላት ደግሞ፣ ትልቅ ሰው የጻፈውን እንዴት አላምንም ብላ አዎ አለች። እነሱ ዘንድ ማመን ሠርቻለሁ ማለት ነው። በቃ፣ ወረቀቱ ላይ «ድርጊቱን በማመን ሁለተኛ እንደማይለመዳት ቃሏን ሰጥታለች» ተብሎ ተጻፈ፣ ፈረመችም። አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። ሁሉም ቃል ልክ ሆኖ ሁሉም ነገር ውሸት ሲሆን አየሁ።

የተመደበችልን ጠበቃ ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ ተረከዙ ያለቀ፣ ፋይሏን በላስቲክ አስራ የምትዞር። ስለ ቃሉ ነግሬያት ስጨርስ እርስዎ የት ነበሩ አለችኝ። ውጪ አልኳት። ወላጅ ወይም ሞግዚት አጠገቧ ሳይቀመጥ መጠየቅ አልነበረባትም አለችና መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። «አክስት መሆኗን፣ ሞግዚት አለመሆኗን ገልጻለች» ይላል። እነሱ ሞግዚት የሚሉት፣ እህቴ፣ በወላጅ ቦታ የሚቆመውን ሰው ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ተይ ይህን አትበዪ የሚላትን፣ ቤቷ የሚመልሳትን። ፍርድ ቤት የቀረብን ቀን ዳኛዋም ለወላጅ ወይም ለሕጋዊ ሞግዚት ትሰጥ ብለው ነበር። እጄን አነሳሁ። መዝገቡ ተነበበብኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለ፤ እኔ ግን የራሴን አይደለም ያሳጠርኩት።

ሃያ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ካለው ባለቤቱን ጠይቂ ብዬ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ ተቆጥቻለሁ። እኔ ግን ምን ማለትህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱስ ቢሆን ቃሉን ቢያብራራ ምላሱ ይቆረጥ ነበር? ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ይባስ ብሎ ጠባይ ማረሚያ ትግባልን ብሏል። የሚታረመው የተሳሳተው ነው፤ የሷን ጠባይ አንብቦታል እንዴ?

ለምን እንደዚያ እንደተቆጣሁ ልንገርሽ፣ ሰባት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደውለሽ ከኛ ጋር ስትጨርሺ ስልኩን ሳትዘጊ፣ አጠገብሽ ላለችው ሴት፣ ልጄ እኮ ሞግዚት ጋር ናት ስትያት ሰማሁሽ። ለማሳጠር ብለሽ ይሆናል። ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም። መርማሪው ያን ቃል ሲያነሳ የመለስኩት ለሱ አልነበረም። ዕዳውን የከፈለችው ግን ልጃችን ናት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከዚህ ጋር ያለውን፣ ሕጋዊ ሞግዚቷ የሚያደርገኝን ቅጽ ፈርመሽ፣ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን ማኅተም አስመትተሽ ቶሎ ላኪልኝ። ቀጠሮው ከዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነው። ያኔ ወረቀቱ እጄ ላይ ካለ ወደ ቤት ይዣት እመለሳለሁ፤ ቃሏም እኔ ባለሁበት እንደ አዲስ እንዲወሰድ ጠበቃዋ ትጠይቃለች። ከሌለ ግን እዚያው ትቆያለች። ይህን መፈረም እናትነትሽን አይነካም፤ እኔም ሦስት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ትናንት ስጠይቃት ፀጉሯን ራሷ ጎንጉና፣ አንዱ ወገን ተጣሞ አገኘኋት። ያስገቧት ቀን ልጅሽ በእጇ የሞላችውን ቅጽ ጠባቂዋ ስህተት ካለው እዪው ብላ ሰጠችኝ። ዕድሜዋ ልክ ነው፣ አድራሻዋም ልክ ነው። የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ የጻፈችውንም አየሁ፤ ያንቺ ስም አይደለም። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ሳላርመው መለስኩት።

እንግዲህ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ሦስታችንንም በአንድ ጣራ ሥር ያገናኘን። ቂሜን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬዋለሁና አንብበሽ ቅደጂው። ቅጹን ግን አደራሽን፣ እንዳይታጠፍብሽ።

የልጅሽ ሞግዚት