ፈቃድ ለጠየቀችዎ ልጅ ማድመጥን ስለ መስጠትዎ

ለተከበሩ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞች መምሪያ ኀላፊ፤

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? ስሜትዎስ? ጤናን አስቀድሜ ስሜትን ማስከተሌ የአሮጌ ሰው ልማድ ነውና፣ በአዲሱ ሥርዓት ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከሆነ ይቅርታዎ አይለየኝ። እኔ ዕድሜዬን ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ በመምሪያዎ መስኮት ተቀምጣ የደንበኞችን አቤቱታ የምትቀበለው ሠራተኛ አባት ነኝ።

በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። እርስዎ ግን የልጄን ጉዳይ «ሠራተኛዬን እንዴት አደመጥኋት» በሚል ርእስ፣ ከነፎቶግራፍዎ፣ በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት አስቀድመው አውጥተውታል፤ «በስሜት የበሰለ መሪ» ተብለውም ተሸልመውበታል። አሁን ደግሞ በመጪው ሳምንት መድረክ ላይ ወጥታ ምስክርነት እንድትሰጥልዎ አዝዘዋታል። እርሷ እንቢ ብትል ከሥራዋ እንዳትፈናቀል ስለ ፈራች፣ ምስክርነቱን በእርሷ ምትክ እኔ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ማድመጫ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ሠራተኞች ምሳ ይበሉበት የነበረውን ክፍል ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሁለት ለስላሳ ወንበሮችና አንድ ካርቶን ሶፍት አስገብተው የስሜት መግለጫ አድርገውታል። ሠራተኞቹ ዛሬ ደረጃ ላይ ቆመው ይጎርሳሉ። በዚህ የተሰማቸውን ቅሬታ ግን ክፍሉ ገብተው መግለጽ እንደሚችሉ ሰምቼ እጅግ ተጽናንቻለሁ።

፪ኛ፤ ባለቤቴ ጉሮሮዋን ታምማ፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ማንቁርቷ መውጣት እንዳለበት ሐኪሞች ነገሩን። ከዚያ በኋላ መናገር እንደማትችል እርሷም እኛም እናውቅ ነበር። ልጃችን ለቀዶ ሕክምናው ቀን ፈቃድ ይዛ ሳለ ቀጠሮው በድንገት በአንድ ቀን ቀደመ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገባለች ተባለ። ደወልሁላት። ሐኪም ቤቱ ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት መንገድ ቢሻገሩ የሚደረስበት ነውና፣ የእናቷን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ ለመስማት የሚያስፈልጋት፣ ዘበኛው በር እንዲከፍትላት፣ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።

የመውጫ ወረቀቷንና እስክሪብቶዋን ይዛ መጣች። እርስዎ እስክሪብቶውን ወደ ጎን አኖሩት። ወደ ማድመጫው ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉ፤ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ስልኳን እንድታጠፋ በትሕትና ጠየቋት። እኔ በዚያች ሰዓት ደጋግሜ እየደወልሁ፣ እርስዎ ሐዘኑ ደረቷ ላይ ይሁን ሆዷ ውስጥ ይጠይቋት ነበር። ዐይኗን ጨፍና በረጅሙ እንድትተነፍስ አደረጓት። «ጌታዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» ብትልዎ፣ መቸኮል ከስሜት የመሸሽ ምልክት መሆኑን አስረዷት። ቀጥለው ስለ ራስዎ እናት አወጉ፤ አለቀሱም። ሶፍቱን መዝዛ ያቀበለችዎ፣ «አይዞዎት» ብላ ያጽናናችዎም ልጄ ናት። ከዚያ ፈረሙ።

ሮጣ ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር።

እናቷ በሩ ላይ ነርሷን ጥቂት እንድትታገሣት ስትለምን ቆየች፤ ነርሷም ታገሠች፤ ሐኪሙ ግን ሊታገሥ አልቻለም። ወደ ውስጥ ሲገፏት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ንገራት፤ ሳልጠብቃት የገባሁት ወድጄ አይደለም» አለች። በድምፅዋ የተናገረችው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው። የሰው ዐረፍተ ነገር ሳርም የኖርሁት ሰው፣ በዚህኛው የማርመው አጣሁ።

፫ኛ፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩትን፣ ሠራተኛው «ነጎድጓድ» የሚላቸውን ኀላፊ ሳላነሣ ማለፍ አልሆነልኝም። እኒያ ያልሠለጠኑ ሰው የማንንም ስሜት ጠይቀው አያውቁም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ልጁ እንደ ታመመበት ነግሯቸው ሳይጨርስ፣ «ታዲያ እዚህ ምን ትገተራለህ!» ብለው ፊርማውን ወርውረውለታል። ሰውዬው ተሰድቦ ወጣ፤ ደረሰም። ልጄን እርስዎ በክብር ሸኟት፤ አልደረሰችም።

፬ኛ፤ መጣጥፍዎን እንደ ልማዴ በቀይ እስክሪብቶ አነበብሁት። ርእሱ ስለ ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ባለቤት «እኔ» ነው። በሽተኛዋ ትትረፍ አትትረፍ ግን በመጣጥፉም የለም፤ ልጄንም እስከ ዛሬ አልጠየቋትም። ባያስጨንቅዎም እነግርዎታለሁ፤ ተርፋለች።

እንግዲህ ምስክርነቱ ይኸው ነው። ከፈለጉ መድረክ ላይ ያንብቡት፤ ልጄ ግን አትወጣም። በዚህ ምክንያት ከመስኮቷ የሚያነሷት ከሆነ፣ ምክንያቱን በዚሁ መጽሔት፣ በዚያው ፎቶግራፍዎ ሥር እንዲያወጡልን በትሕትና እንለምናለን።

የሌላውን ሰው ሰዓት ያለ ስስት ለሚለግሰው ልብዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽሁ፣ ሽልማትዎ ግድግዳዎ ላይ ሳይንጋደድ እንዲኖር እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያም ከሚበልጥ ርቀት ጋር፣
የሠራተኛዎ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ልጄ ሐሙስ ጠዋት እናቷን ለክትትል ሐኪም ቤት ትወስዳለች። ይህ ማስታወቂያ እንጂ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም። ሊያለቅሱላት ከፈለጉ፣ እባክዎ ከበር ከወጣች በኋላ ይጀምሩ።