የማይቆጠር ሰላምታ

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ሱሉልታ

መሥሪያ ቤት በሰጡን ሥልጠና ላይ "ያልተለካ ነገር አይሻሻልም" ከተባልን ወዲህ የጠዋት ሩጫዬን መለካት ጀምሬያለሁ። ድሮ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነበር የምሮጠው። አሁን ግብ አለኝ፣ የእጅ ሰዓትም ገዝቻለሁ።

ችግሩ ኦቦ ደበላ ናቸው። የምሮጥበት ሜዳ ዳር ያለው መሬት የእሳቸው ነው፤ ሰሞኑን ሣር እያጨዱ ነው። ሽማግሌን እየሮጡ ማለፍ ነውር ስለሆነ ሁልጊዜ እቆማለሁ። "አካም ቡልቴ? ነጋ ዳ? ቤተሰብ ደህና? ከብቶቹስ?" ይሉኛል። የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ዶሮ እንኳ የለኝም። ቢሆንም "ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ።

ትናንት ሰላም ሲሉኝ ሰዓቴን ጫን አደረግኩ። አዩኝ።

"ምንድን ነው የነካኸው?"

"ሩጫዬን የሚቆጥር ነው፣ አባባ። እዚህ የቆምኩት እንዳይቆጠርብኝ ነው።"

ማጭዳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እንዲህ ነው እንዴ? ከእኔ ጋር የቆምከው አይቆጠርም?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሰዓቴን መልሼ ነካሁና ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ዛሬ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱልኝና ወዲያው ወደ ሣራቸው አጎነበሱ። መቆም አላስፈለገኝም።

ቤት ገብቼ ሰዓቱን አየሁት። ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ዛሬ ፈጥኜ አላውቅም። ስለ ከብቶቼ ግን የጠየቀኝ የለም።