ሰልፍ ለጫማ ማሰሪያ አይቆምም

ውድ ዲቦራ፣

አካም ጂርታ? የፊልቱ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ነገሌ ደህና ነን፤ አባዬም ደህና ነው፤ የሱን ወሬ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

በጥር ለከተማው ሩጫ እንደምትመጪ ወንድምሽ ቃለአብ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። አምና የታፋሽ ጡንቻ ሲቀደድ ሐኪሙ "ይህ ከተደገመ ዕድሜ ልክሽን ታነክሻለሽ" ሲልሽ አጠገብሽ ነበርኩ። አሁን ግን ጠዋትም ማታም ሩጫ ብቻ ሆነሻል አሉ። አንቺ መቼም ምክር ሲሰጥሽ ጆሮሽ ፊልቱ፣ ልብሽ ሌላ ከተማ፣ ወደራ ነው።

እንዲህ ያሳደገን አባዬ ነው። ልጆች ሳለን እሱ፣ ሃምሳ አለቃ ፍቅሩ፣ ጎህ ሲቀድ ፊሽካውን ይነፋል፤ ወታደሮቹ በሰልፍ ይሮጣሉ፤ እኛ የካምፑ ልጆች ከኋላ እንከተላለን። ማሟሟቅ የለ፣ እግር ዘርግቶ መሳሳብ የለ። አንድ ቀን የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቶ ጎንበስ ስትይ "ሰልፍ ለጫማ ማሰሪያ አይቆምም!" ብሎ ጮኸብሽ። ማሰሪያሽን እየረገጥሽ ሮጥሽ፣ ወደቅሽ፣ ተነስተሽም ቀደምሽኝ። ያኔ ቀናሁብሽ። ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም የተማርነው የገዛ ሰውነታችንን አለመስማት ነው።

አሁን ከካምፑ ሴቶች ጋር የምንሠራው ሌላ ነው። ሩጫ ለልብና ለሳንባ ነው፤ እግሩን የሚሸከም ጡንቻ ከሌለ ግን ጣጣው ለጉልበት ይተርፋል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሮጥን በማግስቱ አሸዋ የሞላ ጀሪካን ይዘን ቁጭ ብድግ እንላለን። ስንጨርስ መሬት ላይ ተቀምጠን ቀስ ብለን እንሳሳባለን። እሑድ እረፍት ነው። ወተት ሻጯ ሸምሳ "አካም፣ ናጋ? ሰው ከቦኖ ውሃ ሲያመላልስ ወገቡ ይቆረጣል፣ እናንተ አሸዋ ትሸከማላችሁ?" እያለች ስትስቅብን ከረመች። ባለፈው ሰሞን እሷም መጣች።

አባዬ ግን "መሳሳብ የሰነፍ ነው" እንዳለ ብቻውን መሮጡን ቀጠለ። ዘንድሮ ወገቡ ደርቆ ጫማውን ማሰር አቃተው። ተንበርክኬ ሳስርለት ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ጠዋት መጥቶ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

ዲቦራ፣ ዘንድሮ አትሩጪ። በጥር ነይና መንገድ ዳር ሆነሽ ውሃ አቀብዪን። ከዚያ እኔ ዘንድ ሰንብቺ፤ ከጀሪካኑ እንጀምራለን። ናፍቀሽኛል። እኔ የምፈልግሽ ለአንድ ጥር አይደለም፤ አርጅተንም አብረን እንድንሮጥ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልንሮጥ ስንነሳ የአባዬ ማሰሪያ ተፈታ። ልንበረከክ ስል በእጁ ከለከለኝ። ራሱ ጎነበሰ። ማሰሪያው ደጋግሞ አመለጠው። ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁት። አስሮ ቀና ሲል ላብ አጥምቆት ነበር።

"ለዲቦራ ጻፊላት" አለኝ። "ሰልፉ ቆሞ ይጠብቅሻል በያት።"

ያንቺው ብርቱካን
ነገሌ ቦረና