ስለ ቀይ ነጥቧ ሳህን፣ ለእድራችን ሊቀመንበር

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሃድጉ፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሌላው ሰው ለወጉ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከአቶ ዋቅጅራ ለቅሶ ወዲህ ከልቤ አሳስበውኝ ነው። እንቅልፍ ይወስድዎታል? የምግብ ፍላጎትዎስ እንደ ድሮው ነው? ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። የእህቴ የጥሩዬ ልጅ ሔኖክ ወንድ እንደሚወድ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ማጉያ ስላሳወቁልን፣ እስከ ባምቢስ ሰፈር ድረስ ተሰምቷልና፣ ቤት ለቤት ዞረን ከመንገር ገላግለውናል። ሔኖክ አልካደም። ስሙን ሳልደብቅ እንድጽፍ የፈቀደልኝም ራሱ ነው፤ ከድምፅ ማጉያው በኋላ የሚደበቅ ምን ቀረ ብሎ።

በዚያው ሰሞን ኮሚቴዎ በጥልቅ አስቦ ወሰነ። ሔኖክ በለቅሶ ጊዜ ድንኳን አይገባም፤ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። ነገሩ በዕቃ እንዳይተላለፍም ከሥራቸው ቀይ ነጥብ በተቀቡ ስድስት ሳህኖች ብቻ ይብላ። ይህም ለወጥ ቤት ሴቶች አይነገር፤ ወሬ ያበዛሉ። በዚህ ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወ/ሮ እጸገነት ስድስቱን ሳህኖች ለብቻቸው ተጠቅልለው፣ ምልክትም ተደርጎባቸው አገኘቻቸው። የነገራት ሰው ስለሌለ የክብር እንግዶች ሳህን ናቸው ብላ ደመደመች። ስለዚህ በአቶ ዋቅጅራ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን ለእርስዎና ለአምስቱ የኮሚቴ አባላት በእነሱ አቀረበች። እኔ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር። የመጨረሻዋን መረቅ ለመጨለጥ ሳህኑን ወደ አፍዎ ሲያዘነብሉ ቀይዋ ነጥብ አፈጠጠችብኝ። ሔኖክ በሩ ላይ በንጹሕ ሳህን ይበላ ነበር።

2. ሳህኑ በስንት ቀኑ እንደሚሠራ ለማወቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። ነርሷ ሳቋን ስትጨርስ፣ ጋሼ፣ በሳህን የሚተላለፈው የሆድ በሽታ ነው፣ እሱም ሳህኑ በደንብ ካልታጠበ፤ ሰው ማንን መውደዱ ግን በወጥ አይዛመትም አለችኝ። እሷ እንግዲህ ትምህርት ቤት ብቻ ነው የተማረችው፤ ከኮሚቴው ጋር አላወዳድራትም። ሆኖም ኮሚቴው በሔኖክ ላይ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው የተተኮሰ ሸሚዝ እንደነበር አስታውሳለሁና፣ ባለፈው እሁድ የእርስዎም ተተኩሶ ሳየው ደንግጫለሁ።

3. እንግዲህ ነገሩ የሚተላለፍ ከሆነ፣ በራሳችሁ ውሳኔ መሠረት መላው ኮሚቴ ከድንኳን ወጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ። ሔኖክ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅላችኋል፤ ጨዋታም ያውቃል። የማይተላለፍ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው ይሻር። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

4. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ጥሩዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ስለ ራሷ ምንም አትጠይቀኝም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ በእኔ ቀን ልጄ ድንኳን ውስጥ እንደ ልጅ ተቀምጦ ያጽናኑታል ወይስ በር ላይ ይተዉታል? እኔ ወሬ እያስቀየርኩ እዚህ ደርሻለሁ፤ ወሬዬም እያለቀ ነው። የፊታችን እሁድ በሚደረገው ስብሰባ ውሳኔው እንዲሰረዝ እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው እሁድ ላይደርስላት ይችላል።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይጎድል መረቅና ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የምመኝልዎ፣ በእድሩ ስብሰባ ከኋላ ወንበር የማልጠፋው አክባሪዎ፣

ወልደአረጋይ፣ የሔኖክ አጎት

የተረሳ ነገር፦ ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ይህን ለጥሩዬ አነበብኩላት። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ስትጨርስ መልእክት ሰጠችኝ፤ በእኔ ቀን ለሃድጉ በዚያችው ሳህን አቅርቡለት፣ ከልጄ ጎን ተቀምጦ ይብላ፣ መረቁንም አትቆጥቡበት ብላለች።