መጥረጊያ ይዛ ስለዞረችው ሴት

ለክቡር የጥገኝነት ማመልከቻ መርማሪ ክፍል ኃላፊ፤
ካይሮ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤንነትን፣ በተለይም ለወገብዎ ብርታትን እመኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በሰው ሐዘን ላይ መፍረድ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ እንረዳለንና።

እኔ ከሱዳን የኑባ ተራሮች ጦርነት ሸሽተን ፈይሰል ሰፈር ከተጠጋነው ሴቶች አንዷ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ስደተኞችን የሚረዱት ወይዘሮ ሱሐይር በተከራዩልን ምድር ቤት ሥዕል እንሥላለን፣ ሰውነታችንን እናፍታታለን፤ አፍ ያቃተውን እጅና እግር እንዲናገር ነው። ወይዘሮዋ ለእኅታችን ለኒዕማት ኩኩ ማመልከቻ ይረዳል ብለው የላኩልዎትን አጭር ፊልም እርስዎ ተመልክተው፣ «መጥረጊያ ይዛ ትጨፍራለች፤ ከባድ ሐዘን የደረሰባት አትመስልም» በማለት ጥያቄዋን ውድቅ አድርገዋል። ስለዚህ በትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ስላዩልን እናመሰግናለን። እሷ ቃሏን ስትሰጥ ግን ሰዓትዎን ደጋግመው ያዩ ነበር አሉ።

ሁለተኛ፣ በእኛ መንደር ባል ሲሞት ሚስት በትሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በለቀስተኛው መካከል እየዞረች ትረግዳለች። የኒዕማት ባል ሲገደል እሷ ልጇን አዝላ ጫካ ውስጥ ትሮጥ ነበርና አልቀበረችውም፤ በትሩም ከቤቱ ጋር ተቃጠለ። እዚህ ደግሞ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ብናለቅስ አከራዮቻችን ያስወጡናል። ፊልሙ በተነሣበት ሐሙስ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አነሣችና፣ «ይሄው ይሁንለት፤ እሱ እንደሁ ነገር አያካብድም ነበር» አለችን። ሁላችንም ተከትለናት ዞርን። ጭፈራ ያሉት ዘግይቶ የደረሰ ልቅሶ ነው፣ ክቡርነትዎ።

ሦስተኛ፣ ፈገግታም አይተው ይሆናል። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰሙም መሰለኝ። ደግሞም ሟቹን በወጉ የሸኘ ሰው ትንሽ ይቀለዋል፤ መዳን መጀመሯን ላለመጎዳቷ ማስረጃ በማድረግዎ አስተዋይነትዎን አድንቀናል።

ከውሳኔዎ ወዲህ ኒዕማት ምድር ቤቱን ረስታዋለች። ሄጄ ብለምናት፣ «እጄን ባነሣ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?» አለችኝ። ሰው አየኝ አላየኝ እያለች ልጇን እሽሩሩ ማለት እንኳ ትታለች። ይህን አይቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ፋይሏ እንደገና እንዲታይላት እለምናለሁ።

የሐዘንን ትክክለኛ መልክ የሚያውቁትን ክቡርነትዎን ከዚያ ወንበር አያጉድልብን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ቡሳይና ቶቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኒዕማትን ወደ መጣችበት ከመለሷትና የፈራችው ከደረሰባት፣ መጥረጊያው እኛው ዘንድ አለ፤ ይዘንላት እንዞራለን። ፊልሙንም እንልክልዎታለን፤ እንደተለመደው ደስ ብሎን ያዩናል።