ያልነበረው ቦርሳ፦ የመምህር ደበሌ ኦይታ ሕይወት

መምህር ደበሌ ኦይታ ከአባታቸው ከአቶ ኦይታ ዳና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጌጤ ካሱ በ1934 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ በጨንቻ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሦስቱም በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ አባታቸው ትምህርት ቤት ድረስ እየሸኙ ነው ያሳደጓቸው። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሥነ ልቦና ተመርቀው በአርባ ምንጭ ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ ወ/ሮ ሣራ ታምሩን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በግንቦት 1970 ዓ.ም. ዳልጮ የተባለ የሃያ ሦስት ዓመት የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ወረቀት በትነሃል ተብሎ ተያዘ። መምህር ደበሌ ወረቀቱ በተበተነበት ቅዳሜ ዕለት ከግቢ ሲወጣ አይተውት ስለነበር ለምስክርነት ተጠሩ። መርማሪው ወረቀቱ በቦርሳ እንደወጣ ስላመነ፣ «ዳልጮ ቦርሳ ይዞ ነበር ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። «የያዘው ቦርሳ ቀለሙ ምን ነበር?» ነው ያላቸው። «ቡናማ» ብለው ፈረሙ። ሲመልሱ የዋሹ አልመሰላቸውም፤ ቦርሳውን ከነማንገቻው ያስታውሱት ነበር። የዳልጮ እናት ወ/ሮ ወለቴ ከምዕራብ ዓባያ መጥተው «የኔ ልጅ በዕድሜው ቦርሳ ይዞ አያውቅም!» ብለው እስር ቤቱ በር ላይ ቢጮኹ ሰሚ አላገኙም። ዳልጮ በተያዘ በዘጠነኛው ቀን ተገደለ።

በ1972 ዓ.ም. የቀድሞ መምህራቸው የላኩላቸው መጽሔት እጃቸው ገባ። መጽሔቱ ስለ ትዝታ የተደረገ አዲስ ጥናት ይዟል፤ ያልነበረን ነገር እንደነበረ አድርጎ የሚጠይቅ ጥያቄ ነገሩን በሰው ትዝታ ውስጥ ሊተክለው ይችላል ይላል። መምህር ደበሌ በክፍላቸው ሞከሩት። የግቢው ዘበኛ ባዶ ራሳቸውን ገብተው ጠመኔ ይዘው እንዲወጡ አደረጉ። በሳምንቱ ተማሪዎቹን «የዘበኛው ባርኔጣ ቀለም ምን ነበር?» ሲሉ ከአርባ ስድስቱ ሠላሳ አንዱ ቀለም ጻፉ። ባርኔጣ እንዳልነበረ ሲነግሯቸውም ሻሺቱ የምትባል ተማሪ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ እኔ እኮ በዓይኔ ነው ያየሁት! ጫፉ እንኳ የተቀደደ ነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ።

በዚያው ሳምንት ምዕራብ ዓባያ ወርደው «እማማ ወለቴ፣ ቦርሳ አልነበረም፤ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። እናቲቱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስለ ቦርሳው ሲያወራላቸው ከርመው ነበር። «ምን ነካህ ልጄ? ቡናማው ቦርሳማ ነበር። እኔው ራሴ ነኝ ያቀበልኩት» ብለው መለሱ። መምህር ደበሌ ከልጁ ሞት ይልቅ ይህን መሸከም እንደከበዳቸው ለባለቤታቸው ነግረዋል። እኚያ እናት ልጃቸውን ንጹሕ አድርገው የሚያስታውሱበት ነገር እንኳ አልቀረላቸውም።

ምስክርነታቸውን በጽሑፍ ሻሩ። ለዚህም ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታሰሩ፤ ከማስተማርም ታገዱ። ከእስር ሲወጡ በኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ ውሃ እያጠጡ ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። በየዓመቱ ወደ ወ/ሮ ወለቴ ዘንድ እየሄዱ «ስለ ዳልጮ ይንገሩኝ» ይሉና ያዳምጡ ነበር። ቦርሳው ግን ከወሬው ቀርቶ አያውቅም።

እስር ቤት በያዛቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በአርባ ስምንት ዓመታቸው በአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያቸው ዐረፉ። ከወ/ሮ ሣራ እና ከሦስት ልጆቻቸው ተለይተዋል። ከመሞታቸው በፊት፣ ሕዝብ በሚበዛበት በቀብራቸው ዕለት ይህ ሁሉ ሳይቀነስ እንዲነበብ አዘዋል። ወ/ሮ ወለቴም ዛሬ መካከላችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቀባሪዎች፣ እኚህን እናት ስትሰናበቷቸው ስለ ቦርሳው አታንሱባቸው። ዳልጮ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሲሄድ ያያችሁት ብዙ ናችሁ፤ እሱን ንገሯቸው።

እግዚአብሔር የመምህር ደበሌን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። የዳልጮንም።