በቁሙ ላለቀስንለት ሰው

ይድረስ ለልጄ ለቃለሕይወት፤

በረገጥከው ምድር ሁሉ ጌታ ይቅደምልህ፤ የሰው አገር ሰው ይውደድህ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ሳሉ ለቆታል፤ ጓሮ የተከልነው ቦዬም ዘንድሮ ሥሩ ጥሩ ይዟል።

ግን ምን ነካህ ልጄ? ለኳስ ክለቡ ባለቤት ለጋሽ ቢያድግልኝ የምስጋና ባነር እናሠራለን ብላችሁ እናንተም ከውጭ፣ ደጋፊውም ከዚህ ስታዋጡ እሰየው ብዬ ነበር። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ሻማ አቁሞ፣ «ሁሌም በልባችን ትኖራለህ» ብሎ የላከው አንተ ነህ አሉኝ! በሕይወት ላለ ሰው ሻማ ይበራል?

ስታዲየሙ በር ላይ እንደሰቀሉት የሚስቱ የሳህሊቱ እህት ከተበላ ከተማ ስትመጣ ከሚኒባስ ውስጥ አየችው። እየጮኸች ወረደች። እኛ ጎረቤቶቹም ጩኸቷን ሰምተን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቤቱ ድረስ ተከተልናት። እኔማ ደረቴን እየመታሁ «ጋሼ፣ ለማን ጥለኸን!» ስል፣ ሰውዬው ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ምላጭ ይዞ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለች የሚስቱ እህት።

እሱ ሳቀ፤ እኛም እልል አልን። ሳህሊቱ ግን «ባሌን በቁሙ ቀበሩት! ወይ ክለቡን ይተዋል ወይ እኔን» ብላ ይኸው እስካሁን አልበረደችም። ባነሩን አስወረድኩት። ልጆቹ «ስንት ወጥቶበታል» ሲሉኝ «ታዲያ እስኪሞት ልታስቀምጡት ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

አደራህን፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅህ ደውለህ ይቅርታ በላት። እሷ ካልታረቀች ክለብም የላችሁ። ጌታ ለአንተም ለእሱም ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናትህ አስካለች